ሃምሳ ሎሚና አንድ በር
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ “ከሙያህ አንድ ነገር አካፍለን፤ ግን የታሪክ ተመራቂም የግብርና ተመራቂም እንዲገባው አድርገህ” ብለው ነው ያዘዙኝ። ሃያ ደቂቃ ብቻ የሰጡኝ የኮምፒውተር ሰው መድረክ ሲይዝ እንዴት እንደሚሆን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ከዚህ ግቢ ከወጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ ሰርቨርና ኔትወርክ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር መረጥኩ፦ አንድ ሶፍትዌር እስኪወርድ ድረስ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅን።

የምነሳበት ጥያቄ ቀላል ነው። አንድ ዓይነት ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተገልብጦ ይገኛል። እንደዚያ ከሆነ ሁሉን ከአንዱ ብቻ ከምንቀዳ፣ ቁራጩን ከዚህ፣ ቁራጩን ከዚያ አምጥተን ብንገጣጥመው አይፈጥንም ወይ? አበው “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው” ይሉ የለ!

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። አንዳንድ ጊዜ ያፈጥናል፣ ያውም በእጅጉ። አንዳንድ ጊዜ ምንም አይለውጥም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚያፈጥነው የጎረቤትን ድርሻ ወስዶ ነው። ሦስቱን ለይተን ካየን፣ ለዚህ ግቢ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በራሱ ይገለጥልናል ብዬ አምናለሁ። የመጣሁትም እሱን ላቀርብላችሁ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ልጅ

እንደነዚህ ያሉት ቅጂ ያዥ ሰርቨሮች ሚረር ይባላሉ፤ መስታወት እንደ ማለት ነው። ሚረር የዋናውን ሰርቨር ይዘት እንዳለ ገልብጦ ይይዛል፤ በየጊዜው እየተመሳከረ የተጨመረውን ይጨምራል፣ የተሰረዘውን ይሰርዛል። ሥራው ይኸው ነው።

ታሪኩ ግን ለእኛ ቅርብ ነው፤ ሚረር የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነውና። በ1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሠራውን አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሰው ማዳረስ ሲፈልግ፣ ፋይሉ የተቀመጠው ፉኔት በተባለው የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ ሰርቨር ላይ ነበር። ቶርቫልድስ ራሱ “ፍሪክስ” ሊለው አስቦ ነበር። “ሊኑክስ” ብሎ ማኅደሩን የሰየመለት ሰርቨሩን ያስተዳድር የነበረው አሪ ሌምኬ ነው። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ሰርቨሮች አብዛኞቹን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም ስሙን ያገኘው ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ጠባቂ ነው ማለት ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል፣ ሰንሳይት የተባለውን ትልቅ የነፃ ሶፍትዌር ማከማቻ ከፈተ፤ ዛሬ አይቢብሊዮ በሚል ስም ይታወቃል። ሚረሮች የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይተው እንዲገለብጡ የሚያደርገውን አርሲንክ የተባለ ፕሮግራም በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ ናቸው። ትሪጅል የአሠራሩን ሐሳብ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ባቀረበው ጽሑፍ ተንትኖታል።

ከሁሉም እኔን የሚያስቀናኝ ግን በሰሜን ስዊድን ያለው የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የተማሪዎች የኮምፒውተር ክበብ አለ። ክበብ፣ ልብ በሉልኝ፤ ኩባንያ አይደለም። ይህ የተማሪዎች ክበብ የሚያስተዳድረው ሚረር የዴቢያንን የማስጫኛ ዲስክ ፋይሎች ለመላው ዓለም ያከፋፍላል። ወደ አህጉራችን ስንመለስም፣ በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን በኔትወርክ የሚያገናኘው ቴኔት የራሱን ሚረር ያካሂዳል። ይህን ይዛችሁ ቆዩልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጀሪካኑና መንገዱ

ኢንተርኔት ሲዘገይ ብዙ ሰው “መስመሩ ጠባብ ነው” ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ነገር ግን መስመሩ ሰፊ ሆኖም ዳውንሎዱ ሊንፏቀቅ ይችላል። ምክንያቱ ርቀት ነው።

ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ምንጩ ሩቅ ከሆነ፣ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ተመላልሶ የሚያመጣው ውሃ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በአንድ ጉዞ በሚሸከመው ጀሪካንና ደርሶ ለመመለስ በሚፈጅበት ጊዜ። የቤቱ በር ሰፊ መሆኑ ምንም አይረዳውም። ኢንተርኔት ላይ ፋይል የሚጓጓዝበት ቲ.ሲ.ፒ. የተባለው ሥርዓትም እንደዚሁ ነው። ላኪው የተወሰነ መጠን ይልክና፣ ከተቀባዩ “ደርሶኛል” የሚል መልስ ሳይመጣለት ከዚያ አልፎ አይልክም። በጥንቱ አሠራር ይህ መጠን ቢበዛ 65,535 ባይት ነበር፤ 64 ኪሎባይት በሉት።

ሂሳቡን እንሥራው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል። የኬብሉ መንገድ 10,000 ኪሎሜትር ቢሆን፣ ለደርሶ መልሱ ብቻ 100 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል። በየመንገዱ ያለው ወረፋ ሲጨመርበት 150 ሚሊሰከንድ እንበል። በየ150 ሚሊሰከንዱ አንድ 64 ኪሎባይት ማለት በሰከንድ 3.5 ሜጋቢት ገደማ ነው። የግቢው መስመር 10 ሜጋቢትም ይሁን 100 ሜጋቢት፣ ያው 3.5 ነው!

ስኩልኔትና ወረዳኔት የሳተላይት ሳህን በየቦታው የተከሉበትን ዘመን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። ያ ጀሪካን በየግማሽ ሰከንዱ ሲመጣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን ነው። ሳህኑ ምንም ያህል ቢተልቅ ሰማዩን አያቀርበውም።

“ዛሬ እኮ ጀሪካኑ አድጓል” የሚለኝ አይጠፋም፤ ልክ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. መጠኑን ለማሳደግ የሚያስችል ደንብ ወጥቷል፤ የዛሬ ኮምፒውተሮችም ይጠቀሙበታል። ሆኖም መንገድ ላይ ፓኬት ሲጠፋ፣ ነባሩ ቲ.ሲ.ፒ. “መንገዱ ተጨናንቋል” ብሎ ጀሪካኑን በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ በየምልልሱ ትንሽ በትንሽ ነው የሚያሳድገው። ምልልሱ ሲረዝም ማገገሙም ይረዝማል። በ1997 እ.ኤ.አ. ማቲስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የታወቀ ቀመር አለ፤ በእሱ ብናሰላ፣ ከመቶ ፓኬት አንዱ በሚጠፋበት መንገድ ላይ ምልልሱ 150 ሚሊሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ 1 ሜጋቢት አካባቢ ይወርዳል። ምልልሱ 5 ሚሊሰከንድ ቢሆን ግን፣ በዚያው ብልሽት፣ 30 ጊዜ ይፈጥናል። አዳዲስ አሠራሮች ቅጣቱን አቅልለውታል፤ የርቀት ዕዳ ግን አልተሰረዘም።

እኛ ደግሞ ወደብ የሌለን አገር ነን። የባሕር ውስጥ ኬብሎች ዘንድ የምንደርሰው በጎረቤቶቻችን በኩል ነው። ስለዚህ ብዙ ሚረር ለእኛ ከሌላው ይልቅ ሊጠቅመን ይችላል። አንድ ሰው ወደ አንድ ምንጭ ከምንልክ አራት ሰው ወደ አራት ምንጭ ብንልክ፣ ያ 3.5 ሜጋቢት ወደ 14 ይጠጋል። ከአራቱ ምንጮች አንዱ ቢደርቅ ወይም ሰልፍ ቢበዛበት፣ ሦስቱ መቅዳታቸውን ይቀጥላሉ። የመጀመሪያው “አዎ” ይህ ነው።

እኩል ማካፈል ሁልጊዜ ፍትሕ አይደለም

አንድን ፋይል እንዴት ቆራርሶ ማምጣት ይቻላል? ድረ ገጾች የሚመጡበት ኤች.ቲ.ቲ.ፒ. የተባለው ደንብ፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ከወጣው 1.1 ከተሰኘው እትሙ ጀምሮ፣ “ከዚህ ባይት እስከዚያ ባይት ያለውን ብቻ ስጠኝ” ብሎ መጠየቅ ይፈቅዳል። ሰርቨሩ ከተስማማ 206 በሚል ቁጥር “ይኸው ከፊሉ” ብሎ ይመልሳል። የተቋረጠ ዳውንሎድ ካቆመበት የሚቀጥለውም በዚሁ ነው። አክስልና አሪያ2 የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ይህንኑ ነው የሚጠቀሙት።

ነገሩ የሚበላሸው አከፋፈሉ ላይ ነው። 1,000 ሜጋባይት ፋይል አለን እንበል። አራት ሚረሮች አሉ፤ በሰከንድ 4፣ 3፣ 2 እና 1 ሜጋባይት ይሰጡናል። ለፍትሕ ብለን ለእያንዳንዳቸው 250 ሜጋባይት እናካፍል። ፈጣኑ በ63 ሰከንድ ገደማ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ዘገምተኛው ግን 250 ሰከንድ ይፈጃል፤ ፋይሉ ደግሞ እሱ ሳይጨርስ ሙሉ አይሆንም። አሁን ከፈጣኑ ብቻ ብንቀዳስ? 1,000 ለ4፣ ያው 250 ሰከንድ። አራት ሚረር ደክመን ያተረፍነው ምንም!

መፍትሔው ደቦ ላይ ያለ ነው። አጨዳ ሲወጣ ማሳውን በገመድ ለክቶ ለሰው ሁሉ እኩል የሚያከፋፍል የለም። ጉልበተኛው የያዘውን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፋይሉንም በትናንሽ ቁራጮች ከፍለን፣ አንድ ሚረር የያዘውን ሲጨርስ የሚቀጥለውን ብንሰጠው፣ አራቱ ተባብረው በሰከንድ 10 ሜጋባይት ያወጣሉ። ሥራው በ100 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ሮድሪጌዝና ቢርሳክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አካሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. አቅርበውታል። ብራም ኮኸን በ2001 ያወጣው ቢትቶረንትም በዚሁ መንፈስ የሚሠራ ነው። እንዲያውም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቁራጮች ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠይቅና ቀድሞ የመጣለትን ይወስዳል፤ አንድ ዘገምተኛ ሁሉን እንዳያስጠብቅ።

ከዚህም የረቀቀ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ባየርስ፣ ሉቢና ሚትዘንማኸር ፋይሉ በሒሳብ ዘዴ ተቀምሮ ከሁሉም ሚረር እንዲፈስ የሚያደርግ አሠራር አሳተሙ። ተቀባዩ የትኛው ፓኬት ከየት መጣ ብሎ አይጨነቅም። ከየትም ይምጣ፣ ከፋይሉ መጠን ጥቂት የሚበልጥ ከሰበሰበ ዋናውን መልሶ ይሠራዋል። ለሒሳብ ክፍል መምህራኖቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥሩ ርዕስ ይመስለኛል፤ በዚህ አጋጣሚ ልጠቁም።

መስታወቱ ቢዋሽስ?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። ከማናውቃቸው አምስት አገሮች አምስት ቁራጭ ስናመጣ፣ የመጣው እውነተኛው መሆኑን በምን እናውቃለን?

የመጀመሪያው አደጋ ተንኮል የሌለበት ነው። ሁሉም ሚረር እኩል አይታደስም። የትናንቱን ቅጂ ከያዘው ግማሹን፣ የዛሬውን ከያዘው ግማሹን ብንገጣጥም የሚወጣው የማይሠራ ነገር ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የፋይሉ የጣት አሻራ ነው፤ ባለሙያዎች ሃሽ ይሉታል። ከፋይሉ በስሌት የሚወጣ አጭር ቁጥር ነው፤ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደንብ ሆኖ የወጣው ሜታሊንክ የሚባለው ሰነድ የሚረሮቹን ዝርዝር፣ የፋይሉን አሻራና የየቁራጩን አሻራ አብሮ ይይዛል። አንድ ቁራጭ ከተበላሸ ያንኑ ብቻ ከሌላ ሚረር እንደገና ማምጣት ነው።

ሁለተኛው አደጋ ተንኮል ያለበት ነው። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የማስጫኛው ሊንክ የጀርባ በር ወደ ተከፈተበት ፋይል እንዲመራ ተደርጎ ነበር። አሻራውን ከዚያው ከተሰበረው ድረ ገጽ ላይ አይቶ ማመሳከር ምን ዋጋ አለው? ሌባው ዕቃውን ለውጦ ደረሰኙንም ሊለውጥ ይችላልና። ስለዚህ የሚያስተማምነው በአዘጋጆቹ ምስጢራዊ ቁልፍ የተደረገ ዲጂታል ፊርማ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ የጥቅሎቻቸውን ዝርዝር እንዲህ ይፈርሙበታል፤ ኮምፒውተራችሁም ሳትጠይቁት ያረጋግጣል። ፊርማው እስካለ ድረስ ሚረሩን ማን እንደሚያስተዳድረው ብዙ አያሳስብም። ማኅተሙ ሳይነካ የደረሰ ደብዳቤ፣ ያመጣው መልእክተኛ ማንም ይሁን ማን፣ ያው ደብዳቤ ነው።

“ብዙ አያሳስብም” አልኩ እንጂ “ምንም” አላልኩም። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈጠራ ስም ሰርቨር ተከራይተው፣ ኡቡንቱን፣ ፌዶራንና ዴቢያንን ጨምሮ የበርካታ ሲስተሞች ይፋ ሚረር ሆነው ተመዘገቡ። ማንንም አልጎዱም፤ ማሳየት የፈለጉት ክፍተቱን ነበር። ሐሰተኛ ሚረር ፊርማ መፍጠር አይችልም። ነገር ግን በትክክል የተፈረመ አሮጌ ቅጂ እየሰጠ፣ ቀዳዳው የታወቀ ሶፍትዌር ይዛችሁ እንድትቀሩ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው ዴቢያን በተፈረመው ዝርዝር ላይ “እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ የጸና” የሚል ቀን የሚያስቀምጥበት አሠራር ያለው።

አንድ በር

አሁን ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው መልሴ ልምጣ፤ “ምንም አይለውጥም” ወዳልኩትና “የጎረቤትን ድርሻ” ወዳልኩት።

ሃምሳ ሎሚ የያዙ ሃምሳ ሰዎች ከሃምሳ መንደር ቢመጡ፣ የግቢው በር አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ተሰልፈው ነው የሚገቡት። ጠባቡ ቦታ የራሳችን መስመር ሲሆን የሚረር ብዛት ሰልፉን ያስረዝማል እንጂ በሩን አያሰፋም።

ጠባቡ ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአንድ ሚረር አንድ ፋይል ማውረድ ጀምሩና ፍጥነቱን ጻፉ። እሱ ሳይቆም ከሌላ አገር ሚረር ሌላ ፋይል ጀምሩ። ሁለተኛው የራሱን ፍጥነት ይዞ ከመጣና የመጀመሪያው ካልተነካ፣ ጠባቡ ቦታ ሩቅ ነው፤ ብዙ ሚረር ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያው በግማሽ ከወረደ ግን ጠባቡ ቦታ የራሳችሁ በር ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው፤ ሌላ ነገር ከመግዛት በፊት ቢደረግ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

በሩ የጋራ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል። ቲ.ሲ.ፒ. የተጨናነቀን መስመር የሚያካፍለው፣ ርቀታቸው ተመሳሳይ ከሆነ፣ በሰው ቁጥር ሳይሆን በግንኙነት ቁጥር ነው። 16 ሰዎች በአንድ መስመር ላይ አሉ እንበል። አሥራ አምስቱ አንድ አንድ ግንኙነት ከፍተዋል። አንዱ ጎበዝ የማፍጠኛ ፕሮግራም ጭኖ 16 ግንኙነት ከፍቷል። በጠቅላላው 31 ግንኙነት ሆነ ማለት ነው፤ ከነዚህ 16ቱ የእሱ ናቸው። ከመስመሩ ከግማሽ በላዩን አንድ ሰው ወሰደ! እሱ “ፕሮግራሙ ድንቅ ነው” ይላል። ከጎኑ ያለችው ተማሪ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏን ለአማካሪዋ መላክ አቅቷት “ኔትወርኩ ዛሬ ሞቷል” ትላለች። ነገ እሷም ያንኑ ፕሮግራም ትጭናለች። ከነገ ወዲያ ሁሉም ይጭናል። ያን ጊዜ ድርሻው እንደ ድሮው እኩል ይሆናል፤ የተረፈው ትርፍ ሰልፍና ትርፍ መጨናነቅ ብቻ ነው።

የሚረሮቹን ባለቤቶችም እናስብ። ብዙዎቹ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው፤ ያንን የኡሜዮ ክበብ አስታውሱ። ከአንድ ሰርቨር ላይ 16 ግንኙነት መክፈትና ከአራት ሰርቨር አንድ አንድ መክፈት አንድ አይደለም። አሪያ2 ራሱ፣ ሆን ብላችሁ ካልለወጣችሁት፣ ከአንድ ሰርቨር ጋር ከአንድ በላይ ግንኙነት አይከፍትም። ጨዋነት ነው።

የግቢ ጉድጓድ

ታዲያ ለዚህ ግቢ የሚበጀው ምንድን ነው? መልሱ እስካሁን ባልነው ውስጥ አለ። ርቀቱ ከሆነ የሚጎዳን፣ ርቀቱን እናጥፋው። በሩ ከሆነ የጠበበን፣ አንዱን ዕቃ ሃምሳ ጊዜ በበሩ አናስገባው። ሚረሩ እዚሁ ይሁን!

እንደገና ሂሳብ። አንድ መምህር 40 ኮምፒውተር ባለው ላብራቶሪ ውስጥ ኡቡንቱን ሊያስጭን ፈለገ። የማስጫኛው ፋይል ዛሬ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ 5 እንበለው። አርባው ተማሪ በየራሱ ከውጭ ካወረደ 200 ጊጋባይት ነው። በ100 ሜጋቢት መስመር፣ ሌላ ማንም ሰው ሳይነካው፣ ከአራት ሰዓት ተኩል ትንሽ ያነሰ ይፈጃል። ማለትም ክፍለ ጊዜው አልቆ ተማሪው ምሳ በልቶ ተመልሶም አልጨረሰም። ፋይሉ አንዴ ብቻ ከገባ ግን በዚያው መስመር ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ በኋላ አርባዎቹ ከግቢው ሰርቨር በ1 ጊጋቢት የውስጥ መስመር ቢቀዱ፣ ሁሉም በ27 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳሉ። በሩ ደግሞ ለሌላው ሰው ክፍት ነው። ሕንፃዎቻችንን የሚያገናኘው የውስጥ ኬብል ከውጭው መስመር በብዙ እጥፍ ሰፊ ሆኖ ሥራ ፈትቶ ተዘርግቶ፣ ተማሪው ግን ውጭ ውጭውን ሲጠብቅ ይውላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ይህ ለኮምፒውተር ተማሪዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የግብርናና የጤና ተመራማሪዎች ስታቲስቲክስ የሚሠሩበት አር የተባለው ፕሮግራም፣ ብዙ ጥቅሎቹ ክራን በሚባል የሚረሮች መረብ ላይ ናቸው። የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች የሚጽፉበት ላቴክም ሲታን የተባለ የራሱ የሚረር መረብ አለው። እነዚህ በቅርብ ካልተገኙ ተማሪው ምን ያደርጋል? ከጓደኛው በፍላሽ ይቀዳል። ፍላሹ ውስጥ ያለው ያረጀ፣ ፊርማው ያልተረጋገጠ፣ አንዳንዴም ቫይረስ የተለጠፈበት ነው። ያም የሚረር ሥራ ነው ልበል? ፍላሽ ድሮም የእኛ ሚረር ነበር፤ ፊርማ የሌለው ሚረር።

በሦስት ደረጃ እንዲሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መሸጎጫ ሰርቨር መትከል። ይህ ሙሉ ቅጂ አይይዝም፤ የመጀመሪያው ተማሪ ያመጣውን ጥቅል ያስቀምጥና ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው ይሰጣል። አፕት ካሸር ኤንጂ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዴቢያንና ለኡቡንቱ ይህንኑ ይሠራል፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርም ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ የምንጠቀምባቸውን ብቻ መርጦ ሙሉ ሚረር መክፈት። ጥቂት ቴራባይት ዲስክና አርሲንክ ነው የሚፈልገው፤ የሚታደሰውም ግቢው በተኛበት ሌሊት ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጸንቶ መሥራቱ ሲታይ፣ በትምህርትና ምርምር ኔትወርኩ በኩል ለሌሎች የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መክፈት። ያን ጊዜ ብዙ ሚረር ያልነው ነገር እውነተኛ ትርጉም ያገኛል። የኛ ሚረር ሲቋረጥ ተማሪው ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ይቀዳል፤ የእነሱ ሲቋረጥ ከእኛ። ቁራጩ ሁሉ ከአገር ውስጥ ይመጣል፤ ምልልሱም በጣት በሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይሆናል።

ከባዱ ነገር ዲስኩ አይደለም። ሰርቨር ገዝቶ ማስመረቅ እናውቅበታለን። ከባዱ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ያድሰዋል የሚለው ነው። ያልታደሰ ሚረር ከሌለ ሚረር ይብሳል፤ አሮጌ ቅጂ እንዴት አደጋ እንደሚሆን አይተናል። ስለዚህ ሥራው የአንድ ሰው ሆኖ እንዳይቀር፣ ለተማሪዎች ክበብ ቢሰጥ እላለሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የሁለተኛ ዓመቶቹን እያሠለጠኑ፣ ሲመረቁ ቁልፉን እያስረከቡ ይሄዳሉ። ሰርቨር ማስተዳደር፣ ፊርማ ማረጋገጥ፣ ኔትወርክ መለካት፣ ከውጭ ባለሙያ ጋር መጻጻፍ፣ ሁሉንም በእውነተኛ ሥራ ላይ ይማሩበታል። ሚረሩ ባይኖር እንኳ ይህ ትምህርት ብቻውን ያዋጣል።

የእኛ የቀድሞ ተማሪዎች ድርሻስ? ዲስኩንና ሰርቨሩን ማዋጣት እንችላለን፤ ለዛሬው ምሳ ካዋጣነው ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። በሙያው ያለን ደግሞ፣ አዲስ አበባም እንሁን ዱባይ ወይም ዋሽንግተን፣ በወር አንድ ማታ ለክበቡ ልጆች በቪዲዮ መቀመጥ እንችላለን። እኔ ስሜን ከወዲሁ አስመዝግቤአለሁ። ከመምህራኖቻችን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው፦ መብራት ሲጠፋ የማይሞት አንድ መደርደሪያ፣ ለክበቡ ኃላፊ የሚሆን አንድ መምህር፣ እና ተማሪዎቹ ሰርቨሩን በእጃቸው እንዲነኩት ፈቃድ። ሦስተኛው ከሁሉም እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን የኡሜዮው ክበብም ሚረሩን የሚያስተዳድረው እንዲህ ባለው ፈቃድ ነው።

ከብዙ ሚረር በአንድ ጊዜ ማውረድ ጥሩ ብልሃት ነው፤ ስትፈልጉት ተጠቀሙበት፤ ጠባቡ ቦታ የት እንደሆነ መርምራችሁ፣ ፊርማውን አረጋግጣችሁ፣ ጎረቤታችሁን አስባችሁ። ነገር ግን እስከ ዛሬ በዚህ ሁሉ ብልሃት ከሌላው ስንቀዳ የኖርን ነን፤ አንድ ቀን ደግሞ ሌላው ከእኛ ይቅዳ። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ያ በር ጠባብ ስለሆነ፣ እባካችሁ፣ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ አትሂዱ!